ቀዩ ትኋን የቱ ነው? የዱር ተክል ላይ ያገኛችሁትን ከፎቶ ለመለየት

«ይሄ ምንድን ነው? ይናከሳል?» የአክስቴ ልጅ ባለፈው ጥቅምት ከአዋሽ መንገድ ዳር ሆና በላከችልኝ ፎቶ ሥር የጻፈችው ይህን ብቻ ነው። ፎቶው ላይ ትልልቅ አመድማ ቅጠል ያለው ቁጥቋጦ ይታያል። ቅጠሉ መሀል አንድ ቀይና ጥቁር ነገር ተቀምጧል። ደብዝዟል።

እንዲህ ያለ ፎቶ ሲደርሰን ብዙዎቻችን የምንመልሰው «ተባይ ነው፣ ግደዪው» ብለን ነው። ይህ መልስ በጣም ያሳስበኛል። ቀይና ጥቁር ከሆኑት መካከል ዘር የሚመጥ አለ፣ ጥጥ የሚያበላሽ አለ፣ ተባይ እያደነ የሚበላም አለ። ሦስቱም በሩቅ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። ገበሬው ማሳ ላይ ስማቸው ሳይለይ መድኃኒት ሲረጭ ደግሞ መጀመሪያ የሚያልቀው ብዙ ጊዜ የገበሬው ወዳጅ ነው።

ስለዚህ ከፎቶ ተነስቶ ስም ላይ እንዴት እንደሚደረስ ልንገራችሁ። ምሳሌዬ ያው የአክስቴ ልጅ ቀይ ፍጥረት ነው።

መጀመሪያ፦ ትኋን ነው ወይስ ጢንዚዛ?

«ትኋን» ሲባል ሁላችንም ትዝ የሚለን የአልጋው ነው። እሱ ግን የአንድ ትልቅ ዘር አባል ብቻ ነው። ሄሚፕቴራ በሚባለው በዚህ ክፍል ውስጥ ጎመን ላይ የሚርመሰመሰው ክሽክሽ አለ፣ ቡና ላይ የሚገኘው አንቴስቲያ አለ፣ ሜዳ ላይ ደግሞ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ሌሎች አሉ። የሚያመሳስላቸው አፋቸው ነው። ማኘክ አይችሉም። እንደ መርፌ ቀጭን በሆነ ቱቦ ወግተው ይመጣሉ። በማይበሉበት ጊዜ ቱቦው በደረታቸው ሥር ወደ ኋላ ታጥፎ ይቀመጣል።

ከላይ በተነሳ ፎቶ ግን አፉ አይታይም። ያኔ ጀርባውን እዩ። የጢንዚዛ ሁለት ጠንካራ ክንፎች ጀርባው መሀል ላይ ይገጥማሉ፤ ከላይ እስከ ታች አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይታያል። የትኋን ክንፍ እንዲህ አይደለም። የፊተኛው ክንፍ ግማሹ እንደ ቆዳ ጠንከር ያለ ነው፣ ጫፉ ግን ስስ ነው። ሁለቱ ስስ ጫፎች አንዱ ባንዱ ላይ ይደራረባሉ። ከትከሻው በታች ደግሞ ጫፉ ወደ ታች የዞረ ባለ ሦስት ማዕዘን ጋሻ አለ። ይህን ጋሻ በደንብ ያዙት፤ ደግሜ ደጋግሜ እመለስበታለሁ።

አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። በአፍሪካ ካሊዲያ የሚባል የሚያብረቀርቅ ሰማያዊና አረንጓዴ ትኋን አለ። ጋሻው አድጎ አድጎ ሆዱን በሙሉ ሸፍኖታል። የሚያየው ሰው ሁሉ ጢንዚዛ ነው ይላል። ጀርባው መሀል ላይ መስመር ፈልጉ። ከሌለ ጢንዚዛ አይደለም።

የአክስቴ ልጅ ፎቶ ቢደበዝዝም ጋሻው ይታያል፣ ጫፉ ላይ የተደራረበው ስስ ክንፍም እንደ ጥቁር ጥላ ይታያል። ትኋን ነው። ከዚያ በላይ ለመሄድ ግን ሌላ ፎቶ ያስፈልግ ነበር። ደግነቱ በማግስቱ በዚያው መንገድ ትመለሳለች። እንዴት እንደምታነሳ ጻፍኩላት።

ፎቶ አነሳሱ

ዋናው ሥራ እዚህ ጋ ነው። ጥሩ ፎቶ ካለ ስሙን መፈለግ ከባድ አይደለም፤ መጥፎ ፎቶ ግን የዘርፉን ባለሙያ ሳይቀር ያስቸግራል።

ጠዋት አንሱ። ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ሰውነታቸው ገና አልሞቀም፤ ቶሎ አይሸሹም፣ አይበሩም። ፀሐይ ከበረታች በኋላ ግን ጥላችሁ ሲያርፍበት ብቻ ቅጠሉን ዞሮ ከኋላ ይደበቃል። እንዲህ ሲያደርግ አታሳድዱት። ሌላውን እጃችሁን ቀስ አድርጋችሁ ከቅጠሉ ጀርባ ያዙለት፤ ራሱ ወደ እናንተ ዞሮ ይመጣል።

ስልኩን አፍንጫው ላይ አትደግኑበት። አብዛኛው የስልክ ካሜራ በጣም ሲጠጋ ያደበዝዛል። አንድ ስንዝር ያህል ራቁ፣ ሁለት እጥፍ አቅርቡ፣ ከዚያ ስክሪኑ ላይ ነፍሳቱን ነክታችሁ እስኪጠራ ጠብቁ። ፍላሽ አጥፉ። የሚያብረቀርቅ ጀርባ ላይ ፍላሽ ሲያርፍ ነጭ ነጠብጣብ ይፈጥራል፤ በኋላ ያንን ነጠብጣብ የትኋኑ ምልክት ነው ብላችሁ ትሳሳታላችሁ።

አንድ ፎቶ አይበቃም። ከላይ በቀጥታ አንሱ፤ ጋሻውና ክንፉ ሙሉ ለሙሉ እንዲታይ። ከጎን አንሱ፤ አፉ የሚታየው ከጎን ነው። ራሱን ለብቻ አንሱ፣ አንቴናው እስከ ጫፉ ድረስ ይግባ። አንቴናው የተቆረጠበት ፎቶ ግማሹን መረጃ ጥሏል። ከተቻለ ከሥርም አንሱ። ለዚህ ጠርዙ ንጹሕ የሆነ ብርጭቆ ወይም የፕላስቲክ ዕቃ በቂ ነው፤ ነፍሳቱን ውስጥ አስገብታችሁ በመስታወቱ በኩል ሆዱን ታነሳላችሁ፣ ከዚያ ወደ ተክሉ ትመልሱታላችሁ። በባዶ እጅ አትያዙት። ምክንያቱን በኋላ ታዩታላችሁ።

መጠኑን የሚያሳይ ነገር አጠገቡ አድርጉ። ሳንቲም ይሆናል፣ የክብሪት እንጨትም ይሆናል። ቤት ስትገቡ ሳንቲሙን በማስመሪያ ለኩትና ከፎቶው ጋር አነጻጽሩ። «ትንሽ ነው» የሚለው ቃል ማንንም አይረዳም፤ 6 ሚሊ ሜትርና 14 ሚሊ ሜትር ግን የተለያዩ ቤተሰቦችን ሊለዩ ይችላሉ።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የሚረሳው፦ ተክሉን አንሱ። ቅጠሉን ከፊትና ከኋላ፣ አበባውን፣ ፍሬውን፣ ሙሉ ቁመናውን። የነፍሳቱ ፎቶ አሥር ሆኖ የተክሉ አንድም ከሌለ ሥራው ግማሽ ነው።

ፎቶውን ለሰው ስትልኩ በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ አትላኩት። ይጨመቃል፣ ጥራቱ ይቀንሳል፣ ቀኑና ቦታውም ከውስጡ ይጠፋል። «ፋይል» ብላችሁ ላኩት፤ እንዳለ ይደርሳል። ቀኑን በማስታወሻ ከጻፋችሁ ደግሞ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ግለጹ። ጥቅምት 12 እና ኦክቶበር 12 አንድ ቀን አይደሉም፤ ጥቅምት 12 በፈረንጆቹ ኦክቶበር 22 አካባቢ ነው። በነፍሳት ዓለም አሥር ቀን ብዙ ነው። ዛሬ እንቁላል የነበረው ያኔ ግልገል ሆኗል።

ተክሉን መጀመሪያ እወቁ

የአክስቴ ልጅ በማግስቱ የላከችው ተክል በአንድ እይታ ይታወቃል። ወፍራም አመድማ ቅጠል፣ ነጭና ሐምራዊ አበባ፣ እንደ ተነፋ ፊኛ ያለ አረንጓዴ ፍሬ፣ ቅጠሉ ሲቆረጥ የሚፈስ ነጭ ወተት። ጦቢያው ነው። በስምጥ ሸለቆ ደረቅ ቆላ መንገድ ዳር ሁሉ ይበቅላል። እስራኤል ያላችሁ ሙት ባሕር አካባቢ፣ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁም በረሃው ዳር ታገኙታላችሁ። ወተቱ መርዛማ ነው፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ይጎዳል። ፎቶ ስታነሱ ቅጠል አትቁረጡ፣ ከነካችሁም እጃችሁን ሳትታጠቡ ዓይናችሁን አትሹ።

ተክሉ ይህን ያህል የሚያስፈልገው ለምንድን ነው? ብዙ ትኋን አመጋገቡ ምርጫ አለው። የጦቢያውን መርዛማ ዘር ችለው የሚመጡት ጥቂቶች ናቸው። እነሱም መርዙን በሰውነታቸው ያስቀምጡታል። ቀይና ጥቁር ቀለማቸው ለወፍ «አትንካኝ» የሚል ማስጠንቀቂያ ነው። ስለዚህ ተክሉን ስታውቁ የተጠርጣሪው ቁጥር ወዲያው ያንሳል።

ሌላ ምሳሌ ልስጣችሁ። ጥቁር፣ ብርቱካንማና ነጭ የተዥጎረጎረ፣ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ያነሰ ጋሻ መሰል ትኋን አገኛችሁ እንበል። ጎመን ወይም ጎመን ዘር ላይ ከሆነ መጀመሪያ ባግራዳ ሂላሪስን ጠርጥሩ። ቡና ላይ ከሆነ አንቴስቲዮፕሲስ የሚባለውን ወገን። በደበዘዘ ፎቶ ሁለቱን በቀለም ብቻ መለየት ያስቸግራል፤ ተክሉ ግን ይለያቸዋል። ባግራዳ ከ2008 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ካሊፎርኒያም ገብቷል፤ እዚያ ያላችሁ የጓሮ ጎመናችሁ ላይ ልታዩት ትችላላችሁ።

ተክሉን ካላወቃችሁት የአካባቢውን ሰው ጠይቁ። እረኛና እናቶች የሚያውቁት ስም ብዙ ጊዜ ከማንኛውም መተግበሪያ ይቀድማል። የአካባቢውን ስም እንደሰማችሁት ጻፉት፣ ቋንቋውንም ጨምሩ።

አካሉን ማንበብ፦ ሦስቱ ቀዮች

አሁን ወደ ቀዩ ትኋን እንመለስ። ሦስት ተጠርጣሪ አለን።

አንደኛው አዳኙ ነው፤ ሬዱቪዴ ከሚባለው ቤተሰብ፣ ራይኖኮሪስ የሚባለው ወገን። ብዙዎቹ ቀይና ጥቁር ናቸው። ራሱን እዩ። ቀጭንና ረዘም ያለ ነው፣ ከዓይኑ ኋላ አንገት አለው። ከጎን ስታዩት አፉ አጭር፣ ወፍራምና እንደ ማጭድ የጎበጠ ነው፤ ደረቱ ላይ ተለጥፎ አይተኛም። ይህ ሌሎች ነፍሳትን ወግቶ ይመጣል። በእጃችሁ ከያዛችሁት እናንተንም ይወጋል፣ በጣምም ያማል። «በባዶ እጅ አትያዙት» ያልኩት ለዚህ ነው። ማሳ ላይ ካገኛችሁት ግን ተዉት፤ ሥራ ላይ ነው።

ሁለተኛው ዲስደርከስ ነው፣ የጥጥ ቀዩ ትኋን። አፉ ቀጭንና ረጅም ነው፣ አንገት የለውም። ክንፎቹ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር ነጠብጣብ ወይም ጥቁር መቀነት ይኖራል። ከሥር ሲታይ ሆዱ ላይ ነጭ መስመሮች አሉት፤ ከሥር የተነሳ ፎቶ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። የሚወደው የጥጥ ቤተሰብ የሆኑ ተክሎችን ነው፤ ባሚያም ከእነሱ አንዱ ነው። ዘሩን ሲወጋ የሚያስገባው ሻጋታ የጥጡን ነጭ ያቆሽሸዋል።

ሦስተኛው ስፒሎስቴተስ ፓንዱረስ ነው። የሊጄይዴ ቤተሰብ ነው። ዲስደርከስን በጣም ይመስላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ መተግበሪያዎችም ይሳሳታሉ።

ሁለቱን ቤተሰቦች የሚለየው በጣም ትንሽ ነገር ነው። ስፒሎስቴተስ ከሁለቱ ትልልቅ ዓይኖቹ ሌላ ራሱ ላይ፣ ወደ ኋላ ጠጋ ብሎ፣ እንደ ዶቃ የሚያበሩ ሁለት ትንንሽ ዓይኖች አሉት። ዲስደርከስ የሉትም። ራሱ በደንብ የጠራበት ፎቶ ካለ ይህን አጉልታችሁ ፈልጉ። አውሮፓ ያላችሁም በዚሁ መንገድ ፓርክ ውስጥ ዛፍ ሥር የሚከማቸውን ቀይና ጥቁር ፒሮኮሪስ አፕቴረስን ታውቁታላችሁ። እሱም ትንንሾቹ ዓይኖች የሉትም።

ዓይኖቹ ካልታዩ የክንፉን ጫፍ እዩ። ስፒሎስቴተስ ፓንዱረስ ስስ የክንፍ ጫፉ ጥቁር ሆኖ መሀሉ ላይ አንድ ነጭ ነጥብ አለው። ትከሻው ላይ ደግሞ ከፊት ወደ ኋላ የሚወርዱ ሁለት ወፋፍራም ጥቁር መስመሮች አሉ። ርዝመቱ ከ1 እስከ 1.5 ሳንቲ ሜትር ይሆናል።

የአክስቴ ልጅ ፎቶ ላይ ነጩ ነጥብ አለ። ሁለቱ መስመሮች አሉ። አንገት የለም። ተክሉም ጦቢያው ነው። አራቱም ወደ አንድ ስም ያመራሉ። «ይናከሳል?» ላለችው መልሱ፦ ዘር ነው የሚመጠው፣ ሰው አይፈልግም።

ቀይ ካልሆነስ? ጋሻው ትልቅና ሰፊ፣ አንቴናው ባለ አምስት አንጓ ከሆነ ፔንታቶሚዴ ነው፤ ሲነካ የሚሸተው። አንቴናው ባለ አራት አንጓ፣ አካሉ ረዘም ያለ፣ ስስ የክንፉ ጫፍ ላይ ብዙ ደም ስር መሰል መስመር ካለ ኮሬይዴ ነው። ለስላሳ፣ ትንሽ፣ የክንፉ ጫፍ ወደ ታች የታጠፈ ከሆነ ሚሪዴ ነው፤ ይህ እዚህ ከጠቀስኳቸው ሁሉ ሰፊው ቤተሰብ ነው፣ ከ10,000 በላይ ዝርያ አለው። ሚሪዴን ከቤተሰብ ስም አልፎ ከፎቶ መለየት ብዙ ጊዜ አይሞከርም።

ግልገሉ እናቱን አይመስልም

አንድ ጊዜ ከአንድ ጓሮ ሦስት ፎቶ አንስቼ ሦስት የተለያዩ ነፍሳት ናቸው ብዬ መዝግቤ ነበር። አንዱ ጥቁር ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ አለው። ሌላው አረንጓዴ ሆኖ ነጭና ሮዝ ነጠብጣብ አለው። ሦስተኛው ሙሉ አረንጓዴ ነው። ሦስቱም ነዛራ ቪሪዱላ ነበሩ፤ በተለያየ ዕድሜ። ይህ ትኋን አምስት የግልገልነት ደረጃ አለው፣ ቆዳውን በለወጠ ቁጥር ቀለሙም ይለወጣል። ካደገ በኋላም ራሱና የትከሻው ጠርዝ ብቻ ቢጫ የሚሆንበት መልክ አለው።

ግልገል መሆኑን የምታውቁት በክንፉ ነው። ክንፉ ሆዱን ካልሸፈነ፣ ትከሻው ላይ እንደ እምቡጥ ብቻ ከታየ፣ ገና አላደገም። የፔንታቶሚዴ ግልገል አንቴናው ባለ አራት አንጓ ነውና አምስት ቆጥሬ ካላገኘሁ ሌላ ቤተሰብ ነው አትበሉ። ግልገል ስታገኙ አጠገቡ ያደገ ፈልጉ። ቅጠሉን ገልብጡ። እንደ ትንንሽ በርሜል ተደርድሮ የተለጠፈ እንቁላል ካለ እሱንም አንሱት፤ ትልቅ ምስክር ነው።

መተግበሪያ እንዴት ልጠቀም?

ጎግል ሌንስ ለመነሻ ይረዳል። እኔ የምመክረው ግን አይናቹራሊስትን ነው። ነፃ ነው፣ ማሽኑ ስም ይጠቁማችኋል፣ ከዚያ ሰዎች አይተው ያርማሉ ወይም ያጸድቃሉ። ሁሉንም ፎቶ አንድ ላይ፣ በአንድ መዝገብ ሥር ጫኑ። ለየብቻ ከጫናችሁት አንዱ ፎቶ ሌላውን አያግዝም። ቦታውንና ቀኑን ሙሉ፤ ቤታችሁ ግቢ ከሆነ ቦታውን ደብዘዝ አድርጎ የማስቀመጥ ምርጫ አለው። የተክሉን ስም ማስታወሻው ላይ ጻፉ።

ማሽኑ የሚሰጠውን የመጀመሪያ ስም ወዲያው አትቀበሉ። ማሽኑ የተማረው ሰው ከጫነው ፎቶ ነው፤ ከአሜሪካና ከአውሮፓ የተጫነው ከኢትዮጵያው እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ አዋሽ ላይ ላነሳችሁት የአሜሪካ ዝርያ ስም ሊሰጣችሁ ይችላል። ስሙን ነክታችሁ ካርታውን ክፈቱ። በአፍሪካ አንድም ነጥብ ከሌለው ተጠራጠሩ። ከዚያ እላይ ያየናቸውን ምልክቶች አንድ በአንድ አመሳክሩ፦ ጋሻ፣ አንቴና፣ የክንፍ ጫፍ፣ ተክል።

ዋሽንግተን አካባቢ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ በመከር ወራት መስኮት ላይ የሚለጠፈውን ቡናማ ጋሻ መሰል ትኋን በዚሁ መንገድ ፈትኑት። አንቴናው ላይ ነጭ ቀለበት ካለ፣ የሆዱ ጠርዝም ጨለማና ነጣ ያለ እየተፈራረቀ ከታየ፣ ሃልዮሞርፋ ሃሊስ ነው። ከምሥራቅ እስያ የመጣ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ የተገኘው በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፔንስልቬኒያ፣ አለንታውን ውስጥ ነው። አይናከስም። አትጨፍልቁት እንጂ፤ ሽታው ቤቱን ይሞላዋል።

ስሙን የት ላይ ማቆም?

ከፎቶ ሁልጊዜ ዝርያ ላይ መድረስ አይቻልም። ይህ ምንም ነውር የለውም። ነዛራን ከሚመስሉት ሌሎች አረንጓዴዎች ለመለየት አንዳንዴ ከሥር፣ እግሩ ሥር ያለውን የሽታ ቀዳዳ ቅርጽ ማየት ያስፈልጋል። ያ ፎቶ ከሌለ «ፔንታቶሚዴ፣ አረንጓዴ» ብሎ መዝግቦ ማቆም ትክክለኛ መልስ ነው። በግምት የተጻፈ የዝርያ ስም ግን ሌላ ሰው እውነት ብሎ ይወስደዋል፣ ካርታ ላይ ይገባል፣ ለማንሳትም ያስቸግራል።

ነፍሳቱ ሰብል ላይ በብዛት ካለ ፎቶውን ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ አሳዩ። ቡና ከሆነ የጅማ፣ አትክልትና ፍራፍሬ ከሆነ የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ለዚህ የሚሆኑ ሰዎች አሉት። ከፎቶው ጋር ተክሉ፣ ቦታው፣ ቀኑ፣ ምን ያህል እንደሆኑና ምን ጉዳት እንዳያችሁ አብሮ ይሂድ። መድኃኒት የሚገዛው ከዚያ በኋላ ነው።

የአክስቴ ልጅ ኅዳር ላይ ሌላ ፎቶ ላከችልኝ። በፋይል ነው የላከችው፤ ከላይ፣ ከጎን፣ ከሥር፣ ከነተክሉ። የተሰነጠቀ የጦቢያው ፍሬ ላይ ክንፍ የሌላቸው ትንንሽ ቀያዮች ተጠጋግተው ተሰብስበዋል። አጠገባቸው የክብሪት እንጨት አለ። ከሥሩ ጥያቄ አልጻፈችም። «ግልገሎቹ ናቸው፣ ያደገውን ደግሞ ሁለተኛው ፎቶ ላይ እይው» ነው ያለችው።